ቦምቦሊኖ ሳያልቅ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቦምቦሊኖ ፍለጋ የሚወጣ ሰው በየሻይ ቤቱ ደጃፍ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «አልቋል።» መላሿ ቀና ብላ እንኳ አታየውም፤ ትሪ እያጠበች ነው። ሰውየው ግን እሺ ብሎ አይመለስም። አንገቱን አስግጎ ሳፋው ውስጥ ይመለከታል፣ ስኳር የተራገፈበትን ወረቀት ያያል፣ ከዚያ ምርመራውን ይጀምራል።

«አንድም የለም እህቴ?»

«የለም ወንድሜ።»

«የተቆረሰም ቢሆን?»

«የተቆረሰውን ልጄ በላው። ነገ በጊዜ ና።»

«በጊዜ» ስንት ሰዓት እንደሆነ አይጠይቅም፤ ያውቀዋልና። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ዘይቱ ይግላል። አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ትሪ ይወጣል። ተማሪው በወረቀት ጠቅልሎ ያልፋል፣ የባጃጅ ሾፌሩ ሞተር ሳያጠፋ ሁለት ያነሳል፣ ነርሷ ከአዳር ስትወጣ ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሳፋው ሥር ይታያል። የእኛ ሰው ከአልጋው የሚወርደው ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በማግስቱም እንዲሁ። ያም ሆኖ ስለዚያች ሴት ቦምቦሊኖ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የሚመሰክረው እሱ ነው፤ «እንደሷ የሚጠብስ በአገሩ የለም» ይላል። ምስክርነቱ የተመሠረተው በአብዛኛው በመዓዛው ላይ ነው።

ለሥራ ከደጋ የወረደ ሰው ይህን በጊዜ የመዝጋት ነገር ስንፍና ይለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ቦምቦሊኖ ከሰዓት በኋላም በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ይጠብቃል፤ ይደርቃል እንጂ ይጠብቃል። ነገር ግን የጋምቤላው ጥድፊያ ከሴትየዋ ጠባይ ሳይሆን ከሊጡ ጠባይ የመጣ ነው። እርሾ ሙቀት ይወዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ በሐምሌ ብርድ ሊጡ ኩፍ እንዲል ይለመናል፤ ጋቢ ይደረብለታል፣ ምድጃ ዳር ይቀመጥለታል፣ ልጆች በሩን እንዲዘጉ ይገሠጻሉ። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር ብዙም አትርቅም፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እዚያ ሊጥ የሚለምን የለም። ክዳኑን ገፍቶ ብቅ ይላል። ቶሎ ካልተጠበሰ ይኮመጥጣል፣ አቅሙን ይጨርስና መጥበሻ ውስጥ ሲገባ ዘይት ይጠጣል። በዚያ ላይ ዘይቱ ራሱ 180 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት። ፀሐይ ከከረረች በኋላ እዚያ ፊት መቆም ማለት ከሁለት ወገን መጠበስ ነው። ስለዚህ ሴትየዋ ገና ሳይነጋ ትነሳለች፣ ጥላው ሳያጥር ትጨርሳለች። ሰዓቷን የሚቆርጥላት ሊጡ ነው።

ዘይቱም ጋምቤላ ሲደርስ ጠባዩን ይለውጣል። የከተማ ሰው «የሚረጋ ዘይት» የሚለው የፓልም ዘይት ደጋ ላይ በማንኪያ ተፍቆ ይወጣል። ባሮ ዳር ሲደርስ መርጋቱን ይረሳዋል፤ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ካላነበቡ በቀር ከፈሳሹ የሚለየው የለም።

ቦምቦሊኖ የማይወደው ሰው ቢኖር የኢኮኖሚ ባለሙያ ሳይሆን አይቀርም፤ የኑሮ ውድነትን ከመግለጫው ሁሉ ቀድሞ የሚያወጣበት እሱ ነውና። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ለጌጥ የተበሳ አይደለም። ወፍራም ሊጥ ዘይት ውስጥ ሲገባ ዳሩ ይጠቁርና መሃሉ ጥሬ ይቀራል፤ መሃሉ ከሌለ ግን ጥሬ የሚቀርም የለም። ሃንሰን ግሪጎሪ የሚባል አሜሪካዊ የመርከብ ካፒቴን ይህን ዘዴ እኔ ነኝ ያገኘሁት ብሎ ነበር። በ1847 እ.ኤ.አ.፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ መርከብ ላይ በቆርቆሮ የቁንዶ በርበሬ ዕቃ ክዳን የሊጡን መሃል እንደቆረጠው ሸምግሎ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ተናግሯል። እውነትም ይሁን የመርከበኛ ወሬ፣ ሰውየው ያሰበው ስለ መብሰል ብቻ ነበር። የእኛ አገር ጠባሽ በሻይ ብርጭቆ ቆርጣ በጠርሙስ አፍ ስትበሳው ሌላም ነገር ታስባለች። ዱቄት ሲወደድ ቦምቦሊኖ በአንድ ቀን ዋጋው አይጨምርም፤ ደንበኛ ይጮሃል። መጀመሪያ ቀለበቱ ይቀጥናል። ቀጥሎ ቀዳዳው ይሰፋል። ደንበኛው ጣቱን አግብቶ ሲለካና ሁለት ጣት ሲገባለት ብቻ ነው ነገሩ የሚገባው።

ስሙ የጣሊያን ነው፤ የቶስካናው ዘመዱ ቦምቦሎኔ ግን ቀዳዳ የለውም፣ ሆዱ በክሬም ይሞላል። የእኛው ክሬሙን ትቶ ጾመኛ ሆኗል። ፉርኖ ዱቄት፣ እርሾ፣ ውሃ፣ ስኳርና ዘይት ብቻ ከሆነ በሁዳዴም በፍልሰታም ይበላል፤ ኬክ ቤቱን ሁለት ወር ያህል ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውም እሱ ነው። አንዳንዱ ጠባሽ ወተት ወይም እንቁላል ጣል ያደርግበታል። ስለዚህ ጾመኛው መጠየቅ አለበት፤ ይጠይቃልም። የሚጠይቀው ግን ሁለተኛውን ከጨረሰ በኋላ ነው። «እንቁላል የለውም አይደል?» ሲል መልሱን የሚጠብቅ አይመስልም፤ ሦስተኛውን እያነሳ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ወደ ስሙ እንመለስ፤ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ሁሉም ጣሊያን አልወጣም። የቀሩት ጋራዥ ከፈቱ፣ ግንበኛ ሆኑ፣ ቡና ቆሉ፣ ኬክ ጋገሩ። የአዲስ አበባው ፒያሳ ስሙን ያገኘው ከጣሊያኖች ነው። ቶሞካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና ሲቆላበት የኖረው እዚያ ነው፤ የጣሊያን ስሙን ይዞ የታወቀው ኤንሪኮ ኬክ ቤትም የዚያው የፒያሳ ነበር። የኤንሪኮ ዝና ከኬኩ ጣዕም ባልተናነሰ ከማለቁ ነበር። ረፋድ ላይ የደረሰ ያገኛል፤ ከቀትር ወዲህ የደረሰ ባዶ መስታወት ያያል። ዕቃው ያማረ፣ ወንበሩ የተመቸ አልነበረም፤ ማንም ቅር ሲለው አልታየም። አዲስ አበቤ ስለ ኤንሪኮ ሲያወራ «በላሁ» ከሚለው ይልቅ «ደርሼ ነበር» የሚለው ይበዛል። መብላቱ ተራ ነገር ነው፤ መድረሱ ነው ወሬ የሚሆነው።

ከዚያ መጋቢት 2016 መጣ። የፒያሳ ቤቶች ለኮሪደር ልማት መፍረስ ጀመሩ። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሠፈር ሄደ። በአሥር ዓመት አንዴ ያልረገጠው ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወጣ። ልጅነቱን ቦሌ ያሳለፈ ወጣት ሳይቀር የፒያሳ ትዝታ አገኘ። በየሻይ ቤቱ «የመጨረሻ» የሚባል ነገር ተበላ፤ የመጨረሻ ሻይ፣ የመጨረሻ ሥጋ፣ የመጨረሻ ቦምቦሊኖ። ባለቤቶቹ እንዲህ ያለ ገበያ አይተው አያውቁም። ይህ ሁሉ ሰው ከዚያ በፊት በወር አንዴ ብቅ ቢል ኖሮ ጣሪያቸውን ያድሱ ነበር፤ ቡልዶዘሩን አያቆመውም፣ ግን ዝናብ ባላፈሰሰባቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ቀን ነው። ለነገሩ ውሻውም አይፈረድበትም፤ ጅቡ እያለ መጮህ ያስፈራል። ቤት ሳይፈርስ ማወደስም ገንዘብ ያስከፍላል፤ ተቀምጦ ማዘዝን ይጠይቃላ።

ከዚያ ወዲህ የኮሪደር ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል። መንገድ ዳር ጠብሶ የሚሸጥ ሁሉ አሁን ሊጡን ከማቡካቱ በፊት መንገዱ ላይ የመፍረስ ምልክት የሆነው ቀለም ተቀብቶ እንደሆነ ያያል።

ቤት ሳይፈርስም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ፣ ሁለቱም ስንዴና የሱፍ ዘይት ለዓለም የሚያቀርቡ ናቸውና ገበያው ታመሰ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 20 ቀን ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች፤ እገዳው እስከ ግንቦት 15 ቆየ። እገዳው ለራሷ ሕዝብ ዋጋ ለማውረድ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ባለ 5 ሊትሩ ዘይት ወደ 1,000 ብር ወጥቶ ስለነበር ሰው እንደ ቅርስ እያየ የሚያልፈው ዕቃ ሆነ። ጃካርታ ላይ የሚፈረም ወረቀት ባሮ ዳር አንዲት ሴት ስንት ሊጥ እንደምታቦካ ይወስናል ቢባል ቀደም ሲል ቀልድ ነበር። ያን ዓመት ብዙ ጠባሽ ዘይቱን ከሚገባው በላይ ደጋግማ ተጠቀመች፤ ቦምቦሊኖው ጠቆረ፣ ደንበኛው አጉረመረመ፣ ሴትየዋም «ነጩን የሚፈልግ ዘይቱን ይዞ ይምጣ» አለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ደግሞ ስኳሩም ዱቄቱም ዘይቱን ተከተሉት።

የዋጋ ነገር ከተነሳ፣ እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ አንድ የማይረሳው የቦምቦሊኖ ዋጋ አለው። በሣንቲም የገዛ አለ፣ በአንድ ብር ሁለት ያገኘ አለ። የሚገርመው ሁሉም የሚያስታውሰው ኪሱ ባዶ የነበረበትን ዘመን ዋጋ መሆኑ ነው። ያኔም ውድ ነበር። በመስታወት አይቶ ያለፈባቸው ቀናት ከበላባቸው ይበልጣሉ። ዛሬ ደመወዝ ይዞ፣ ወንበር ስቦ፣ «የጥንቱ ጣዕም የለም» ይላል።

ጋምቤላ ሳይዘጋ መድረስ ምን እንደሆነ ለማወቅ ቦምቦሊኖ አላስፈለጋትም፤ ከተማዋ ራሷ የተተከለችው በሚከፈትና በሚዘጋ ገበያ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በኢታንግ አቅራቢያ፣ አኙዋኮች ኦፔኖ በሚሉት በባሮ ዳር፣ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ ተሰጠ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ቡና ከጎሬና ከሳዮ ደጋ እየወረደ ይከማቻል፤ ከሱዳን ጨውና ጨርቅ ይመጣል። ችግሩ ባሮ ነው። የካርቱም የእንፋሎት መርከቦች እዚያ ድረስ መውጣት የሚችሉት ክረምቱ ወንዙን ሲሞላው ብቻ ነበር፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ። ውሃው መጉደል ሲጀምር ግሪኩም ሶሪያዊውም ነጋዴ ይሯሯጣል፣ ካፒቴኑ ጥልቀት ያስለካል፣ ጭነት ያልደረሰለት ጸጉሩን ይነጫል። የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ይቀመጥና የሚመጣውን ክረምት ይጠብቃል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ያጠኑት ይህ ከ1904 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የነበረው የጋምቤላ ንግድ ትልቅ ታሪክ ነው፤ ለዚህ ወግ የሚያስፈልገን ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ከጎሬ ቡናውን ጭኖ፣ መንገድ ላይ ዘመድ ጠይቆ፣ ሠርግ አድሮ፣ ወንዙ ዳር ሲደርስ የመርከቡን ጭስ በሩቁ ያየው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አለመኖሩ አይታመንም። «ገና በጥቅምት?» ብሎ ወንዙን ሳይቆጣ አልቀረም።

ውሉ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የሚቆይ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. ሱዳን ነጻ ስትወጣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የወንዙም ገበያ እንደ ድሮው አልሆነም።

ከጋምቤላ ከተማ በአቦቦ በኩል 110 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሲኬድ ጎግ ይደረሳል፤ የወረዳው ከተማ ፑኝዶ ናት። እዚያ በጊዜ መድረስ ከሰዓት ይልቅ የወር ጉዳይ ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ዝናቡ ሲጠና የጭነት መኪናው ይዘገያል፤ ፉርኖ ዱቄቱ ሳይመጣ ይቀራል። ጠባሿ መጥበሻውን ትሰቅልና በቆሎ ትጠብሳለች። የጎግ ሰው በቦምቦሊኖ እጥረት አይሞትም፤ ዓሣ አለው፣ ማንጎ አለው፣ ጊሎ ወንዝ አለው፣ ታታ ሐይቅ አለው። የሚጨነቀው ከሌላ አገር የተመደበው ሠራተኛ ነው። እሱ ጠዋት ሻዩን በባዶ ሲጠጣ ሆድ ይብሰዋል፤ በወሩ መጨረሻ ለስብሰባ ጋምቤላ ሲጠራ አጀንዳውን ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ይጠይቃል። ሌሊት ተነስቶ፣ ያ ሁሉ መንገድ ተንገላቶ፣ አቧራውን ሳያራግፍ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ሲቆም አራት ሰዓት ሆኗል። የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው።

ፑኝዶ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዛሬዋ ደቡብ ሱዳን የሚሰደደውን ሕዝብ ሲያስጠጋ የኖረ ቦታም ነው። ከዚያ ወገን ቦምቦሊኖ የራሱን ዘመዶች አግኝቷል፤ ቀዳዳ የሌለውን ማንዳዚ፣ ኳስ ኳስ የሚመስለውን የሱዳን ለቀይማት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሸጡ አይጣሉም። ሁሉም የሚያድሩት በአንድ ዘይት ነው። ዘይቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራሽን ላይ ተቀንሶ ነው፤ እናት የተሰጣትን ትከፍልና ገሚሱን ለቤት፣ ገሚሱን ለመጥበሻ ታደርገዋለች። በ2015 ክረምት የዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታው ለሌላ ዓላማ ውሏል በሚል በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን ለወራት ሲያቋርጥ ስደተኞችም አልቀሩም። ስለዚያ ክረምት የሚቀለድ ነገር የለም፤ ይታለፍ።

ወደ ጋምቤላዋ ሴት እንመለስ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ወርቁ ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ግን ከመርከብ ፊሽካ ይፈጥናል። አንድ ሐሙስ «ልትዘጋ ነው» ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም። ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከመንገዱ ጫፍ ድረስ ሰልፍ ሆነ። የእኛም ሰው ተነስቶ መጥቷል። ፊቱን ሳይታጠብ፣ ሸሚዙን በግልባጭ ለብሶ፣ ግን መጥቷል። አራት አዘዘ። አንዱን ፎቶ አነሳው፣ ሦስቱን በላቸው፣ ፎቶ ያነሳውንም በላው። አጠገቡ ላለው የማያውቀው ሰው ስለ ሴትየዋ እጅ ሙያ ረጅም ንግግር አደረገ። «እንዲህ ያለ ቤት ሊዘጋ አይገባም፣ መንግሥት ሊያስብበት ይገባል» አለ። በየቀኑ ከእሷ የሚገዙ ተማሪዎች ያን ጠዋት ሳያገኙ ቀሩ፤ ሰልፉን አይተው ትምህርት ቤታቸው ሄዱ።

ሴትየዋ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሳፋዋን ደፋች። ይህን ያህል ሰው ከየት እንደመጣ ስትጠየቅ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ «ለቅሶ መሰለኝ፣ ግን ማን እንደሞተ አልነገሩኝም» አለች።

የሞተ የለም። የቤት ኪራይ ተጨምሮባት ቦታ መቀየሯ ነበር። ሰኞ ዕለት ምድጃዋን አስጭና የባሮን ድልድይ ተሻገረች፤ በአቦቦ መንገድ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ያው ሳፋ፣ ያው ሊጥ፣ ያው እጅ። ተማሪዎቹ በሁለተኛው ቀን አገኟት። የባጃጅ ሾፌሮቹማ ምድጃውን ያደረሱላት ራሳቸው ናቸው።

የእኛ ሰው አዲሱን ቦታ ተነግሮታል። ከድሮው ሻይ ቤት አጠገብ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ የፋብሪካ ብስኩት በሻይ እየነከረ፣ የሰማውን ለሌላው ያስተላልፋል።

«ማዶ ናት አሉ።»

«ታዲያ አትሄድም?»

«በዚህ ፀሐይ?» ይላል ሰዓቱን አይቶ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። «ደሞስ እስክደርስ ያልቃል።»